ከምልክቱ በፊት የተንቀሳቀሰ ዋናተኛ መቼ ይሰረዛል? ስለ አጀማመርና ስለ ስረዛ ሕጎች የተደረገ ውይይት

የገንዳ ዳር ተመልካች፦

ሰላም ለዚህ መድረክ አባላት። የዋና ውድድርን ለረጅም ጊዜ በተመልካችነት ተከታትያለሁ፤ ይሁን እንጂ የአጀማመር ሕጉ በሥራ ላይ ሲውል የማየው ልዩነት እስካሁን ስላልተገለጠልኝ፣ የምታውቁ እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2004 በአውስትራሊያ የኦሊምፒክ መምረጫ ውድድር ላይ ኢያን ቶርፕ በ400 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ማጣሪያ ሚዛኑን ስቶ ከመነሻ መድረኩ ወደ ውሃው ወደቀ። በርቀቱ የኦሊምፒክ ሻምፒዮንና የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት መሆኑ አላዳነውም፤ ተሰረዘ። በአቴንስ በዚህ ርቀት ተወዳድሮ ወርቅ ሊያገኝ የቻለውም የአገሩ ልጅ ክሬግ ስቲቨንስ ያገኘውን ቦታ ስለለቀቀለት ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ በለንደን ኦሊምፒክ የ1500 ሜትር ፍጻሜ ላይ ቻይናዊው ሱን ያንግ ምልክቱ ሳይሰጥ ውሃ ውስጥ ገባ። ሁላችንም ተሰረዘ ብለን ስንጠብቅ ወጥቶ ከሌሎቹ ጋር እንዲሰለፍ ተፈቀደለት፤ በ14:31.02 የዓለም ክብረ ወሰን አሻሽሎም አሸነፈ። በዚያው ኦሊምፒክ የኮሪያው ፓርክ ቴ ህዋን በ400 ሜትር ማጣሪያ በፎልስ ስታርት (ከምልክቱ በፊት በመነሣት) ተሰርዞ፣ በይግባኝ ውጤቱ ተመልሶለት፣ በፍጻሜው የብር ሜዳሊያ ወሰደ።

አንዱ ወድቆ ተሰረዘ፤ ሌላው ውሃ ውስጥ ገብቶ ተማረ፤ ሦስተኛው ተሰርዞ ተመለሰ። ሕጉ አንድ ከሆነ ውሳኔው ሦስት ዓይነት የሆነው ስለምን ነው? ለታላላቅ ስሞች የሚደረግ አድልዎ ነው እንዳልል የቶርፕ ነገር ይከለክለኛል።

አስጀማሪ ዳኛ፦

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ብዙ ተመልካቾች የሚያነሡትም ይህንኑ ነው። መልሱን ለማግኘት ከምልክቱ በፊት ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች አንድ በአንድ ማየት ይጠቅማል።

ዋና ዳኛው በተከታታይ አጫጭር ፉጨት ዋናተኞቹ ልብሳቸውን እንዲያወልቁ ያዛል፤ ቀጥሎ በሚነፋው ረጅም ፉጨት ወደ መነሻ መድረኩ ይወጣሉ። በጀርባ ቀዘፋና በቅይጥ ቅብብል (አራት ዋናተኞች በአራት የቀዘፋ ዓይነት ተቀባብለው በሚዋኙበት፣ በጀርባ ቀዘፋ በሚጀመረው) ግን የመጀመሪያው ረጅም ፉጨት ወደ ውሃው መግቢያ ሲሆን ሁለተኛው ወደ መነሻ ቦታ መመለሻ ነው። ዋና ዳኛው እጁን ወደ አስጀማሪው ሲዘረጋ ዋናተኞቹ በአስጀማሪው እጅ ናቸው። አስጀማሪው ቦታቸውን እንዲይዙ ያዛቸዋል፤ እነርሱም ቢያንስ አንድ እግራቸውን ከመድረኩ የፊት ጫፍ አድርገው ያጎነብሳሉ። ሁሉም ጸጥ ብለው ሲቆሙ፣ ከዚያ በፊት ሳይሆን በኋላ፣ ምልክቱ ይሰጣል።

የሕጉ ልብ ያለው በዚህ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። በትእዛዙና በምልክቱ መካከል ስንት ሰከንድ ሊቆይ እንደሚገባ ሕጉ አልወሰነም፤ የወሰነው ሁሉም እስኪረጉ ድረስ መጠበቅ እንዳለበት ነው። አንዱ ክንዱን ሲያስተካክል፣ ሌላው ዘግይቶ ሲያጎነብስ ምልክት የሰጠ አስጀማሪ ጥፋተኛው ራሱ ነው። ትዕግሥት የሌለው አስጀማሪ ባለበት ገንዳ ጥፋተኞቹ ሁልጊዜ ዋናተኞች መስለው ይታያሉ።

አሁን ወደ ጠቀሷቸው ሦስት ጉዳዮች ልምጣ። ቶርፕ ሆን ብሎ ጊዜ ሊሰርቅ እንዳልነበረ ያልገባው ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ሕጉ ሐሳብን አይመረምርም። ከትእዛዙ በኋላ፣ ከምልክቱ በፊት፣ ከመድረኩ ለቅቆ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ለዚህም ዳኞቹ የተቀበሉት የውጭ ምክንያት አልነበረም። በለንደን ዋና ዳኛው የሱን ያንግን እንቅስቃሴ ያስከተለው በአዳራሹ የነበረው ጫጫታ እንደሆነ ተቀበለ። የእንቅስቃሴው ምንጭ ከዋናተኛው ውጭ ከሆነ ጥፋቱን በዋናተኛው ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ያ ውሳኔ ትክክል ነበር ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ እኔ በዚያ ቦታ ብሆን ኖሮ እንዲሁ አደርግ ነበር እላለሁ፤ ምክንያቱም ጥርጣሬ ሲኖር ጥቅሙ ለዋናተኛው እንዲሆን ነው የተማርነው።

የፓርክ ጉዳይ ከሁለቱ ይለያል፤ ስለ ሕጉ ጥበብም የሚያስተምረን እርሱ ነው። ስረዛው ከመነገሩ በፊት ምልክቱ ከተሰማ ውድድሩ አይቋረጥም፤ ዋናተኛው ጨርሶ ከወጣ በኋላ ነው የሚሰረዘው። ፓርክም ማጣሪያውን እስከ መጨረሻ ዋኝቶ ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ ነበር። ይግባኝ ሰሚው አካል ስረዛውን ሲሽር ሊመለስለት የሚችል ሰዓት በእጁ ነበረ። ከገንዳው አስቀድሞ ቢወጣ ኖሮ ይግባኙን ቢያሸንፍም ምን ይመለስለት ነበር?

የገንዳ ዳር ተመልካች፦

ስለ ሰጡኝ ሰፊ ማብራሪያ አመሰግናለሁ። በተለይ የፓርክን ጉዳይ ከዚህ አንጻር አይቼው አላውቅም ነበር። ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ጥያቄ ላክል። በአትሌቲክስ ሯጩ ከተኩሱ በኋላ ከ0.100 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከተነሣ መሣሪያው ራሱ ይመሰክርበታል። በዋናም በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን 0.64፣ 0.71 የሚል ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ እያለ በዓይን መፍረድ ለምን አስፈለገ?

ሰዓት ያዥ፦

ይህን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ የምሠራው ከመሣሪያዎቹ ጋር ነውና።

ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም። በሩጫ መነሻ ብረቱ የሚመዘግበው እግሩ መግፋት የጀመረበትን ቅጽበት ነው። በዋና ግን መድረኩ የሚመዘግበው እግሩ ጨርሶ የለቀቀበትን ጊዜ ነው። ዋናተኛው ምልክቱን ሰምቶ፣ ክንዱን ስቦ፣ ጉልበቱን ዘርግቶ፣ ወደ ፊት ተወርውሮ ጣቱ መድረኩን እስኪለቅ ድረስ ያለው ሁሉ በዚያ ቁጥር ውስጥ ተጠቃልሏል፤ ከግማሽ ሰከንድ በላይ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ምልክቱን ገምቶ ቀድሞ መንቀሳቀስ የጀመረ ዋናተኛ እንኳን እግሩ መድረኩን የሚለቀው ምልክቱ ከተሰማ በኋላ ሊሆን ይችላል። ሰውነቱ ከምልክቱ በፊት ወደ ፊት መሄድ ጀምሮ እያለ ቁጥሩ ግን 0.50 ብሎ ቢጻፍ፣ መሣሪያው ምንም ጥፋት አላየም ማለት ነው። ጥፋቱን ያየው የሰው ዓይን ነው። በዋና ሕግ ውስጥ የ0.100 ሰከንድ ዓይነት ወሰን የሌለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ በተመልካቾች ዘንድ «ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ፎልስ ነው» የሚባለው ነገር መሠረት የለውም።

መሣሪያው ፍትሕን የሚያግዝበት ቦታ ሌላ ነው። አስጀማሪው የሚቆመው በገንዳው ጎን፣ ከመነሻው ጠርዝ በግምት 5 ሜትር ውስጥ ነው። እያንዳንዱ የመዋኛ መስመር 2.5 ሜትር ስፋት ስላለው አሥር መስመር ያለው ገንዳ 25 ሜትር ይሰፋል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛልና፣ ከአንድ ጎን የወጣ ድምፅ በሌላው ጎን ያለው ዋናተኛ ጆሮ የሚደርሰው ከ0.07 ሰከንድ በኋላ ነው። በ2008 በቤይጂንግ ማይክል ፌልፕስ በ100 ሜትር ቢራቢሮ ሚሎራድ ቻቪችን የቀደመው በ0.01 ሰከንድ ነበር። ሰባት እጥፍ የሚሆን ልዩነት በመስመር ምደባ ብቻ መስጠት እንደማይቻል ግልጽ ነው። በእያንዳንዱ መድረክ ሥር ድምፅ ማጉያ የተተከለው ለዚህ ነው። ከድምፁ ጋር የሚበራ መብራትም አለ፤ መስማት የተሳነው የደቡብ አፍሪካው ቴረንስ ፓርኪን በ2000 በሲድኒ በ200 ሜትር ደረት ቀዘፋ የብር ሜዳሊያ ያገኘው በመብራት ተነሥቶ ነው።

ስለ ልኬት ከተነሣ አይቀር፣ በ1972 በሙኒክ በ400 ሜትር ቅይጥ ቀዘፋ ጉናር ላርሰን ቲም ማኪን ያሸነፈው በሺህኛ ተቆጥሮ በ0.002 ሰከንድ ነበር። ከዚያ በኋላ ዋና በመቶኛ ብቻ እንዲለካ ተወሰነ። ግድግዳዎቹ ራሳቸው በሚሊሜትር ደረጃ እኩል ሊሠሩ ስለማይችሉ፣ ከመቶኛ በታች ያለው ቁጥር ዋናተኛውን ሳይሆን ሕንፃውን ይለካል። እኔ ይህን ውሳኔ በስፖርቱ ከተደረጉት ሁሉ የበለጠ ሐቀኛ ሆኖ አገኘዋለሁ።

የታዳጊዎች አሠልጣኝ፦

ከሁለታችሁም ብዙ ተምሬአለሁ። ነገር ግን አስጀማሪ ዳኛው ሕጉን ያቀረቡት ከዳኛው ወንበር ሆነው ስለሆነ፣ ከመድረኩ ላይ የሚቆመውን ልጅ ወክዬ ልናገር።

ከ1998 በፊት የመጀመሪያው ፎልስ ስታርት ማንንም አያሰርዝም ነበር። ዋናተኞቹ ይጠራሉ፣ ይመለሳሉ፣ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ የሚሰረዘው ከዚያ በኋላ የሚያጠፋው ነበር። ከመነሻው 15 ሜትር ርቀት ላይ፣ ከውሃው ከ1.2 ሜትር ከፍ ብሎ የሚሰቀለው ገመድም የተጀመረውን ውድድር ለማስቆም በገንዳው ላይ የሚጣል ነበር። ዛሬ አንድ ጊዜ ያለጊዜው የተነሣ አለቀለት። ይህ ለሠለጠነ፣ ለጎለመሰ፣ በዓመት ብዙ ውድድር ለሚያደርግ ሰው ሊሠራ ይችላል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣ የአሥር ዓመት ልጅ ግን ከፍርሃት የተነሣ ይንቀጠቀጣል፤ ከአጠገቡ ያለው ሲያስል ይዘልላል። ወላጆቹ እያዩት ውድድሩን ጨርሶ ሲወጣ «ተሰርዘሃል» መባሉ ስለ ሕግ የሚያስተምረው ነገር አለ ብዬ አላምንም፤ የሚያስተምረው መፍራትን ነው። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ለወራት ምልክቱ ከተሰማ በኋላ እንኳ ቆሞ ይዘገያል። ያንን ዘገምተኛነት ማስለቀቅ ከጅምሩ መነሣትን ከማስተማር ይበልጥ ይከብዳል።

አዋቂዎቹንም ቢሆን ሕጉ አይምርም። በ2000 በሲድኒ የ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ማጣሪያ የኢኳቶሪያል ጊኒው ኤሪክ ሙሳምባኒ ብቻውን የዋኘው አብረውት የተሰለፉት የኒጀርና የታጂኪስታን ዋናተኞች ሁለቱም በፎልስ ስታርት ስለተሰረዙ ነው። ዓለም የእርሱን 1:52.72 እና የተመልካቹን ጭብጨባ ያስታውሳል። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚያሳዝኑኝ ሁለቱ ናቸው፤ ወደ ኦሊምፒክ ተጉዘው፣ ሳይዋኙ ተመለሱ። ለታዳጊዎች፣ ቢያንስ ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ላሉት፣ የመጀመሪያው ጥፋት በማስጠንቀቂያ እንዲታለፍ አዘጋጆች በራሳቸው ደንብ ቢፈቅዱ ስፖርቱ የሚያጣው ምንድን ነው?

አስጀማሪ ዳኛ፦

አሠልጣኙ ስለ ሁለቱ የሲድኒ ዋናተኞች የተናገሩት እኔንም የሚያሳስበኝ ነው። በመድኃኒቱ ላይ ግን አልስማማም።

የድሮው ሕግ የዋህ መስሎ ቢታይም ጉዳቱ በንጹሐን ላይ የሚወድቅ ነበር። የመጀመሪያውን ፎልስ ያደረገው ሰው ምንም ሳይከፍል ይመለሳል፤ ሁለተኛውን ያደረገው፣ ምናልባትም በመጀመሪያው ጸጥ ብሎ ቆሞ የነበረው፣ ይሰረዛል። ይህን የሚያውቅ ዋናተኛ የመጀመሪያውን ጅምር ሆን ብሎ ለግምት ይጠቀምበት ነበር፤ ቢሳካለት ቀደመ፣ ባይሳካለት ተጠርቶ ተመለሰ። ሌሎቹ ደግሞ ትኩረታቸውን አጥተው፣ ሰውነታቸው ቀዝቅዞ እንደገና ይሰለፋሉ። አትሌቲክስም በ2010 ወደዚሁ ሕግ መምጣቱን፣ በዓመቱም በዴጉ ዩሴን ቦልት በ100 ሜትር ፍጻሜ መሰረዙን አንባቢ ያስታውሳል። ሕጉ ለታላቁም ለታናሹም አንድ ነው።

ለልጆቹ የሚያስፈልገው የላላ ሕግ ሳይሆን የታገሠ አስጀማሪ ነው። ልጁ ሲንቀጠቀጥ ካየሁት ምልክቱን አልሰጥም፤ «ቀና በሉ» ብዬ ሁሉንም አስነሣለሁ፤ ትንፋሽ ይሰበስባሉ፤ እንደገና አዛለሁ። ይህን በአንድ ምድብ ሁለት ጊዜም ሦስት ጊዜም ማድረግን ሕጉ አይከለክለኝም። ምልክቱ ሳይሰጥ በአስጀማሪው ትእዛዝ ቀና የተባለበት ጅምር ማንንም አያሰርዝም፣ ማንንም አያሳፍርም። አንድ ልጅ ላይ ፎልስ ከመጻፌ በፊት ራሴን የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ይህ ልጅ የተንቀሳቀሰው እኔ ቸኩዬ ነው ወይስ እርሱ ቸኩሎ? መልሱ የማያጠራጥር ካልሆነ አልጽፍም። በሕጉ መሠረት ጅምሩ ትክክል መሆኑን የመወሰን ሥልጣን የአስጀማሪው ነው፤ የመሰረዝ ሥልጣን ግን የዋና ዳኛው ብቻ ነው። ያ ሁለተኛ ዓይን የተቀመጠው ለልጁ ጥበቃ ነው።

የታዳጊዎች አሠልጣኝ፦

ሁሉም አስጀማሪ እንደ እርስዎ ቢሆን ኖሮ ጥያቄውን ባላነሣሁ ነበር። አሁንም በልጆቹ ጉዳይ ከአቋሜ አልተነቃነቅሁም፤ ፍትሕ በአንድ ሰው ትዕግሥት ላይ ብቻ እንዲንጠለጠል አልወድም። ነገር ግን «ቀና በሉ» የምትለዋን ትእዛዝ በልምምድ ጊዜ ለልጆቼ ማለማመድ እንዳለብኝ አሳይተውኛል፤ ብዙዎቹ ሲሰሟት ጥፋት የሠሩ መስሏቸው ይደነግጣሉ።

የቅብብል ወዳጅ፦

ከነጠላ ውድድር ወደ ቅብብል ልውሰዳችሁ፤ ያለጊዜው መነሣት ከሁሉ የበለጠ ዋጋ የሚያስከፍለው በዚያ ነውና። በ2007 በሜልበርን የዓለም ሻምፒዮና ፌልፕስ ሰባት ወርቅ ወሰደ። ስምንተኛውን ያጣው እርሱ ራሱ ባልዋኘበት ማጣሪያ ነው፤ በ4 በ100 ሜትር ቅይጥ ቅብብል ኢያን ክሮከር ጓደኛው ግድግዳውን ሳይነካ ስለተነሣ የአሜሪካ ቡድን ከማጣሪያው ተሰረዘ። በ2001 በፉኩኦካ የሴቶች 4 በ200 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ቅብብል ደግሞ አሜሪካ በቅብብሉ ምክንያት ተሰረዘች። አውስትራሊያ የተሰረዘችው ግን ሌላ ቡድን ገና እየዋኘ ሳለ አባላቷ በደስታ ወደ ገንዳው ዘልለው ስለገቡ ነው። ወርቁ ለብሪታንያ ሆነ። ደስታን የሚቀጣ ሕግ አለ መባሉ ለብዙዎች ይከብዳቸዋል፤ ሆኖም በሚቀጥለው መስመር ላለችው፣ የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ለምትታገለው ዋናተኛ፣ ውሃው የእርሷም ገንዳ ነው።

ሰዓት ያዡን የምጠይቀው አንድ ነገር አለኝ። ክሮከር የተነሣው በአራት መቶኛ ቀድሞ እንደሆነ፣ የተፈቀደው ደግሞ ሦስት መቶኛ እንደሆነ ሰምቻለሁ። መቅደም ከተከለከለ «የተፈቀደ መቅደም» ከየት መጣ?

ሰዓት ያዥ፦

መቅደም አልተፈቀደም። ሕጉ የሚለው የቀደመው ዋናተኛ ግድግዳውን ሳይነካ የተከታዩ እግር ከመድረኩ ከለቀቀ ቡድኑ ይሰረዛል ነው። ተከታዩ ከዚያ በፊት ክንዱን ቢያወዛውዝ፣ ሰውነቱን ወደ ፊት ቢጥል አይከለከልም፤ የሚቆጠረው የእግሩ ጣት ብቻ ነው። በዚህ ከመደበኛው አነሣሥ ይለያልና፣ በቅብብል ውስጥ በግል ክብረ ወሰንነት ሊመዘገብ የሚችለው የመጀመሪያው ዋናተኛ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሌሎቹ እየተንደረደሩ ስለሚነሡ።

ሦስቱ መቶኛ የመሣሪያው እንጂ የዋናተኛው አይደለችም። በግድግዳው ላይ ያለው የንክኪ ሰሌዳ ዝም ብሎ በውሃ ግፊት እንዳይሠራ የተወሰነ ኃይል ይፈልጋል፤ ጣት ሰሌዳውን በነካበትና ሰሌዳው በመዘገበበት ቅጽበት መካከል ትንሽ መዘግየት ሊኖር ይችላል። መድረኩም የራሱ መዘግየት አለው። ስለዚህ እስከ −0.03 የሚደርስ ንባብ በመሣሪያው ወሰን ውስጥ እንደ ትክክለኛ ቅብብል ይቆጠራል። −0.04 ሲሆን ግን ጥርጣሬው አልቋል። በሜልበርን የሆነው ይኸው ነው።

የጀርባ ቀዛፊ፦

ስለ አጀማመር ብዙ ተባለ፤ በመሃል መንገድና በማብቂያ ላይ የሚደርሰው ስረዛም ቦታ ይገባዋል። የጀርባ ቀዘፋ ሕግን የሚያውቅ ሰው ዋናተኛው በሚዋኝበት ጊዜ ሁሉ ከሰውነቱ ከፊሉ ከውሃው በላይ መታየት እንዳለበት ያውቃል፤ ከዚህ ነጻ የሚሆነው ቀድሞ በመታጠፊያና ከግድግዳው በኋላ ባሉት 15 ሜትሮች ብቻ ነበር። ያ 15 ሜትር ራሱ ታሪክ አለው። በ1988 በሴኡል ዴቪድ በርኮፍ ከ30 ሜትር በላይ በውሃ ውስጥ እየተጓዘ ይዋኝ ነበር፤ በ100 ሜትር ያሸነፈው ጃፓናዊው ዳይቺ ሱዙኪም በውሃ ውስጥ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ርቀቱ መጀመሪያ ወደ 10 ሜትር፣ ኋላም ወደ 15 ሜትር ተወሰነ።

በ2022 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ጀስቲን ሬስ በ50 ሜትር ጀርባ ቀዘፋ አንደኛ ከገባ በኋላ ግድግዳውን ሲነካ ሙሉ በሙሉ በውሃ ውስጥ ነበር ተብሎ ተሰረዘ፤ ይግባኝ ተጠይቆ ወርቁ ተመለሰለት። ሁሉም ዋናተኛ በመጨረሻዋ ምት ክንዱን ወደ ኋላ ሲወረውር ጭንቅላቱና ደረቱ ይሰምጣሉ፤ በዚያች ቅጽበት ከማዕበሉ በላይ አንዲት ጣት ታየች አልታየችም ብሎ መፍረድ ለሰው ዓይን የተሰጠ ሥራ አልነበረም። ኋላ ሕጉ ተሻሽሎ ጭንቅላቱ ከማብቂያው ግድግዳ 5 ሜትር የሚርቀውን ምልክት ካለፈ በኋላ ዋናተኛው ሙሉ በሙሉ መስመጥ ተፈቅዶለታል። ሕግ ሊታይ የማይችለውን ነገር ከዳኛ መጠየቅ ሲያቆም እንዲህ ነው የሚሻለው።

ከዚያም በፊት በ2004 በአቴንስ አሮን ፒርሶል የ200 ሜትር ጀርባ ቀዘፋውን አሸንፎ በመታጠፊያ ምክንያት ተሰረዘ፤ ዳኛው የጻፉት ምክንያት በቂ ስላልነበረና በፊና (በዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን) የሥራ ቋንቋ ስላልተጻፈ ስረዛው ተነሣ። ብዙዎች ይህን እንደ ማምለጫ ያዩታል። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ፦ ሰውን ከውድድር የሚያስወጣ ዳኛ ምን እንዳየ በግልጽ መጻፍ ካልቻለ ማየቱም ያጠራጥራል።

በቅይጥ ቀዘፋ ደግሞ ከጀርባ ወደ ደረት የሚታጠፉበት ቦታ አደገኛ ነው፤ ግድግዳው እስኪነካ ድረስ በጀርባ መሆን ግድ ነው። በ2024 በፓሪስ አሌክስ ዎልሽ በ200 ሜትር ቅይጥ ሦስተኛ ሆና ነክታ፣ በዚያ መታጠፊያ ላይ ከጀርባዋ ዞራ ስለነበር ተሰረዘች፤ ነሐሱ ለኬይሊ ማኪዮን ሆነ።

የታዳጊዎች አሠልጣኝ፦

የጀርባ ቀዛፊው ስለሚታይና ስለማይታይ ነገር የተናገሩት በደረት ቀዘፋ ይበልጥ ይሠራል። በአቴንስ ኮሱኬ ኪታጂማ በ100 ሜትር ሲያሸንፍ በውሃ ውስጥ የቢራቢሮ ምት ተጠቅሟል የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ በ2005 ሕጉ ተሻሽሎ ከመነሻና ከመታጠፊያ በኋላ አንድ ምት ተፈቀደ። በለንደን ደግሞ ካሜሮን ቫን ደር በርግ በ58.46 የዓለም ክብረ ወሰን ካሸነፈ በኋላ ከተፈቀደው በላይ ምት መምታቱን በራሱ አንደበት ተናገረ፤ ብዙዎች ስለሚያደርጉት እርሱም ማድረግ እንዳለበት ገለጸ። ሜዳሊያው ግን አልተነካም፤ ጥፋቱን በጊዜው ያየና የጻፈ ዳኛ አልነበረምና። በመድረኩ ላይ ሚዛኑን የሳተው ቶርፕ ይሰረዛል፤ በውሃ ውስጥ ሦስት ጊዜ የመታ ያሸንፋል። ከምልክቱ በፊት ያለው ሕግ ይህን ያህል ጥብቅ ከሆነ፣ ከውሃው በታች ያለውም በካሜራ ታግዞ እኩል ጥብቅ ሊሆን ይገባል። ልጆቼ በዚህ ጉዳይ ሲጠይቁኝ ሁለት ዓይነት መልስ መስጠት አልፈልግም።

አስጀማሪ ዳኛ፦

በዚህ ከአሠልጣኙ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

የገንዳ ዳር ተመልካች፦

ከጠየቅሁት በላይ አገኘሁ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የመጨረሻ ተግባራዊ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። ልጄ በቅርቡ መወዳደር ትጀምራለች። ከአጠገቧ ያለችው ቀድማ ብትንቀሳቀስ ምን ታድርግ? ብትሰረዝስ እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?

አስጀማሪ ዳኛ፦

ምልክቱ ካልተሰማ ጎረቤቷ ብትወድቅ እንኳ ትርጋ፤ ዓይኗን ወደ ጎን አትመልስ። ተከትላ ከተንቀሳቀሰች በሌላው ምክንያት መሆኑን ዋና ዳኛው ሊያገናዝብላት ይችላል፤ ነገር ግን ይህ በእርሱ ውሳኔ ላይ የቆመ ነው። ምልክቱ ከተሰማ ግን ማንም ቀድሞ ቢነሣ ትዋኝ። ብዙ ልጆች «ፎልስ ነው፣ ይጠሩናል» ብለው በመሃል ቆመው ውድድራቸውን በገዛ እጃቸው ያጣሉ፤ ዛሬ የሚጠራ የለም ማለት ይቻላል፣ ጥፋተኛው የሚሰረዘው መጨረሻ ላይ ነው። መቆም ያለባት ምልክቱ ተደጋግሞ ሲሰማ ብቻ ነው።

ከተሰረዘች ደግሞ ወደ ዳኞቹ የሚሄደው ወላጅ ሳይሆን የቡድኑ መሪ ነው። በዓለም አቀፉ ሕግ ተቃውሞ የሚቀርበው በጽሑፍ፣ ለዋና ዳኛው፣ ውድድሩ ካለቀ በ30 ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ዋና ዳኛው ካልተቀበለው ጉዳዩ ወደ ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ይሄዳል። በአገር ውስጥ ውድድር ጊዜው ሊለይ ስለሚችል ከውድድሩ በፊት የአዘጋጁን ደንብ አንብቡ። ተቃውሞ ባታቀርቡም የስረዛውን ምክንያት በትክክል እንዲነግሯችሁ በቡድን መሪው በኩል ጠይቁ፤ አሠልጣኟ በማግሥቱ ልምምድ ላይ የሚያስፈልገው እርሱ ነው።